80ዲዬን ሸጬ ፉል ፍሬም ልግዛ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ ወጣት የሰርግ ፎቶግራፈር ነው። 80ዲ የካኖን ካሜራ ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው ደግሞ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ) ከ80ዲው የሰፋ ካሜራ ነው። 5ዲ ማርክ 3 እና አር6 የካኖን ፉል ፍሬሞች ናቸው። ጥያቄውን ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ ሰላም ነው? ካኖን 80ዲ ይዤ ሰርግ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያሉኝ ሌንሶች ከካሜራው ጋር የመጣው 18-135 እና 50 ሚሜ 1.8 ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥና ማታ አዳራሽ ሳነሳ ፎቶዬ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። የሥራ ጓደኞቼ ‹ፉል ፍሬም ካልያዝክ እዚህ ሥራ ላይ አትቆይም› ይሉኛል። አሁን አንድ ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3 አግኝቻለሁ። 80ዲውን ሸጬ፣ ያጠራቀምኩትን ጨምሬበት ልግዛው? ወይስ ታግሼ አር6 ላይ ልድረስ? ሦስት ፎቶ ከነሮው (ጥሬ) ፋይላቸው ልኬልዎታለሁ።»

ወንድሜ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። 5ዲ ማርክ 3ውን ተወው። 80ዲውንም አትሽጥ። ገንዘቡን አንድ ጥሩ ሌንስ ላይ አውለው። ይህን የምልህ ፉል ፍሬም ጠልቼ አይደለም፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው። የላክልኝን ፋይሎች ከፍቼ ስላየኋቸው ነው።

የቀለበቱን ፎቶ እንውሰድ። ሰዓቷን አልሳትካትም፤ የሙሽራዋ ጣትና የጧፉ ብርሃን አንድ ላይ ገብተዋል። የፋይሉን መረጃ ስከፍተው ግን እንዲህ ይላል። ሌንሱ 18-135፣ እስከ 135 ድረስ የተዘረጋ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 5.6። ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) 6400። ከዚያ በኋላ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም) ውስጥ ገብተህ ኤክስፖዠሩን በ1.7 ስቶፕ ጎትተህ አውጥተኸዋል።

ነገሩ ያለው እዚህች የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ነው። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ 1.7 ስቶፕ ማንሳት ማለት ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ማባዛት ነው። ስለዚህ «በ6400 አነሳሁ» ብትለኝም፣ ፎቶህ ላይ የሚታየው ኖይዝ (አንተ አሸዋ ያልከው) 20,000 አይኤስኦ ላይ የተነሳ ፎቶ ኖይዝ ነው። እዚያ ላይ የኔም ፉል ፍሬም አሸዋውን ይበትነዋል።

ለምን ጨለመብህ? ፍሬምህን እየው። ነጭ ቬሎ አለ፣ ነጭ ካባ አለ፣ ከኋላ ደግሞ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተደርድረዋል። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይፈልጋል። ነጭ ሲበዛበት «ውይ፣ ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ወደ ግራጫ ሲወርድ የሙሽሮቹ ጠይም ፊት አብሮ ይወርዳል፤ ፊታቸው ከልብሱ ይልቅ ጠቆር ስለሚል ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እሱ ነው። አንተም ቤት ገብተህ ፊቱን ለማውጣት ትጎትታለህ። አሸዋው ተኝቶ የነበረው ደግሞ ጥላው ውስጥ ነው። ስትጎትተው ይነሳል።

የኛ አገር ሰርግ ፎቶግራፈር ይህን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ስታይ ካሜራው በተቃራኒው ይሳሳታል። የኛ ፍሬም ሲበዛ ነጭ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የኤክስፖዠር ማካካሻውን ፕላስ ላይ አድርገው፤ ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ሞክር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጩ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ ክፈትና የጥበቡ ጥለት እንዳይጠፋብህ ተቆጣጠር። ይህ በነጻ ነው። ምንም አትገዛም።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንምጣ።

«ፉል» የሚለው ስም ራሱ ሰው ያሳስታል፤ የአንተው ጎዶሎ የሆነ ያስመስለዋል። ነገሩ የስፋት ጉዳይ ነው። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ይኸው መጠን የድሮው 35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ የአንዲት ፎቶ መጠን ነበር። ላይካ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካወጣው ካሜራ ወዲህ ዓለም ሁሉ የለመደው ልክ ነው። በፊልሙ ዘመን 35 ሚሊሜትር ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሁሉ ፉል ፍሬም ይዞ ነበር፤ ማንም ግን በዚያ ሲኩራራ አልሰማሁም። የ80ዲህ ሴንሰር 22.5 በ15 ሚሊሜትር ነው። ስፋታቸውን አባዝተህ ብታካፍለው ፉል ፍሬሙ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። በአንድ ዓይነት አፐርቸርና ሹተር፣ በዚያ ስፋት ልክ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። የኖይዙ ልዩነት በዋናነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለት ተኩል እጥፍ ቀላል አይደለም። አንተ 20,000 ላይ ያገኘኸውን ፎቶ ፉል ፍሬም ላይ ብታነሳው፣ ኖይዙ 80ዲ ላይ 8,000 እንደተነሳ ሆኖ ይታይሃል። ደህና ለውጥ ነው።

አሁን ደግሞ ሴንሰሩን ሳትነካ ሌንሱን ቀይር። ከ5.6 ወደ 2 ብትከፍት የሚገባው ብርሃን ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። 20,000 የነበረው ወደ 2,600 ይወርዳል። ሹተሩ ያው፣ ካሜራው ያው። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በል። ፉል ፍሬሙ 8,000 ላይ ሲያደርስህ፣ ሌንሱ 2,600 ላይ አደረሰህ። ካኖን 50 ሚሜ 1.8ን በ2015 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው 125 ዶላር ነበር፤ አር6 በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቦዲው (ያለ ሌንስ) ብቻ 2,499 ዶላር። ሃያ እጥፍ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ይህ ሌንስ ቦርሳህ ውስጥ ተኝቷል።

ለምን እንደማትጠቀምበት ይገባኛል። 50ው በ80ዲ ላይ የሚያሳይህ ፉል ፍሬም ላይ 80 ሚሜ የሚያሳየውን ነው። ሙሽራዋ ቤት ስትሄድ ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ሶፋው አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ አክስቶች እልል እያሉ በሩን ዘግተዋል። ወደ ኋላ ልበል ስትል ጀርባህ ግድግዳ ይነካል። ተናደህ 18-135ቱን ትመልሳለህ፤ ቀኑን ሙሉ እሱው ላይ እንደተገጠመ ይቀራል። አብዛኛው ልጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዛው 35 ሚሜ ይሁን። ካኖን 35 ኤፍ 2 (ኤፍ አፐርቸሩ ነው) የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ያለው አለ፤ ሲግማ 35 ኤፍ 1.4 አርት አለ። ያገለገለም ቢሆን ደህናውን ብታገኝ አትፍራ። 80ዲ ላይ 56 ሚሜ ያህል ሆኖ ይሠራልሃል፤ ሳሎንም አዳራሽም ይበቃዋል። ለቀለበቱ ደግሞ 50ውን አውጣው። 135 ላይ ከአምስት ሜትር ያነሳኸውን በ50 ለማንሳት ወደ ሁለት ሜትር መጠጋት አለብህ። ካህናቱን ጠዋት ቀደም ብለህ ሄደህ አናግራቸው፤ የት መቆም እንደሚፈቀድልህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ እምቢ የሚባለው ሥርዓቱ መሀል ዘሎ የሚገባው ነው።

ሌንስ ስትገዛ አንድ ምልክት ተመልከት። ከቦዲው ጋር የሚገጥምበት ቀለበት ላይ ነጭ ካሬ ካለ ኢኤፍ-ኤስ ነው፤ የተሠራው እንደ 80ዲ ላሉ ትንሽ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች ብቻ ነው። ቀይ ነጥብ ካለ ኢኤፍ ነው፤ ሁለቱም ላይ ይሠራል። ቀይ ነጥቡን ግዛ። ዛሬ 80ዲህ ላይ፣ ነገ አር6 ላይ በአዳፕተር ይገጥማል። ቦዲ ቶሎ ዋጋው ይወድቃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ዋጋውን ይዞ ይቆያል።

ይህ ወደ 5ዲ ማርክ 3ው ያመጣናል። 18-135ህን ገልብጠህ እየው። ነጭ ካሬ ነው ያለው። 5ዲው ላይ ጭራሽ አይገባም። ስለዚህ 80ዲውን ሸጠህ 5ዲውን በገዛህ ማግሥት የሚቀርህ ያ 50 ብቻ ነው። በአንድ ሌንስ ሰርግ ልትወጣ? ሌላ ሌንስ መግዛትህ አይቀርም፤ ያ ደግሞ ያላሰብከው ሁለተኛ ወጪ ነው።

ካሜራው በራሱ ደህና ነው፤ ሐሜት አይሁንብኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 22.3 ሜጋፒክስል፣ 61 የፎከስ ነጥብ፣ ሁለት የሜሞሪ ቦታ ያለው ጠንካራ ዕቃ ነው። ከፍ ባለ አይኤስኦ ላይ ካንተው ይሻላል። ባትሪህም ይሠራበታል። ግን ሁለት ነገር የሚነግርህ ሰው አላገኘህም። አንደኛ፣ በ100 አይኤስኦ ቀን ላይ አንስተህ ጥላውን ላውጣ ስትል 80ዲህ ይበልጠዋል። የ5ዲ ማርክ 3 ጥላ ሲጎተት መስመር መስመር ያወጣል። አንተ ደግሞ እንደማየው ጎታች ነህ። ሁለተኛ፣ ቪዲዮ። 80ዲህ እየቀረጸ ሰውን በለስላሳው ይከተላል፤ ስክሪኑም ይገለበጣል። 5ዲ ማርክ 3 ሁለቱም የሉትም። ቅልቅልና መልስ ላይ «አጭር ቪዲዮም ጨምርልን» የሚል ደንበኛ ካለህ፣ በእጅህ ፎከስ ስታሽከረክር ነው የምታመሸው።

ስለ ፉል ፍሬም ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ሌላው ነገር የጀርባው ብዥታ ነው። እውነት ነው፣ ያምራል። እኔ የመጀመሪያውን ፉል ፍሬሜን፣ ያገለገለ 5ዲ ማርክ 2፣ የገዛሁ ሰሞን አብጄ ነበር። 85 ሚሜ 1.8 ገጥሜ፣ ሁሉን ነገር 1.8 ላይ ከፍቼ ዋልኩ። ማታ ኬክ ሲቆርሱ አነሳሁ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሳየው ልቤ ቀለጠ። ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የሙሽራዋን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ሙሽራው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ሟሟ። አልበሙን ስወስድ እናቱ ገጹን ጠጋ አድርገው አይተው «ልጄን ምነው ጭጋግ ውስጥ ከተትከው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላ ኮፒም አልነበረኝም፤ ሁሉም እንደዚያ ነበር።

የሚገርመው የዚህ ነገር ሒሳብ ነው። ሴንሰሩ ሲሰፋ ያው ፍሬም በያው አፐርቸር ሲነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት ይሳሳል። ሙሽሮቹ መሀል ቆመው ሚዜዎቹ በሁለት ረድፍ ሲደረደሩ 80ዲ ላይ 5.6 ከበቃህ፣ ያንኑ ጥልቀት ለማግኘት ፉል ፍሬም ላይ ወደ 9 መዝጋት ይኖርብሃል። ስትዘጋ ብርሃን ያጥርሃል፤ አይኤስኦውን በሁለት ተኩል እጥፍ ትጨምራለህ። ሁለት ተኩል እጥፍ! ያቺው ከላይ ያገኘናት ትርፍ ናት። ተመልሳ ሄደች። የቡድን ፎቶ ላይ ፉል ፍሬም በኖይዝ በኩል ምንም የሚሰጥህ የለም። ትርፉ ያለው ጥልቀት የማያስጨንቅህ ቦታ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ፊት፣ አንድ እጅ።

ታዲያ መቼ ነው የሚገዛው? አር6 ሌላ ወሬ ነው፤ እሱን ከ5ዲ ማርክ 3ው ጋር አንድ ላይ አላስቀምጠውም። በጨለማ ፎከስ ይይዛል። ካኖን እስከ ሲቀነስ 6.5 ኢቪ (የብርሃን መለኪያ፤ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር ጨለማው ይብሳል) ይላል፤ የ80ዲህ መካከለኛ ነጥብ የሚደርሰው ሲቀነስ 3 ላይ ነው። ዓይን ፈልጎ ይከተላል። ቦዲው ውስጥ ማረጋጊያ አለው፣ ሁለት የሜሞሪ ቦታ አለው። ድምፅ የሌለው ሹተርም አለው፤ በቅዳሴ መሀል ቀጭ ቀጭ ስትል ዞር ብለው የሚያዩህን እናቶች ታውቃቸዋለህ። (ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን ድምፅ አልባውን ዝጋው። ከኤልኢዲ መብራት ጋር አይስማማም፤ ፎቶህ ላይ ጨለማ መስመር ያሰምርብሃል።) ልብ በል፣ ከዘረዘርኩልህ ውስጥ አንዱም የሴንሰር ስፋት ጉዳይ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የካኖን አር7 ሴንሰሩ እንደ 80ዲህ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ዓይን ይከተላል፣ ማረጋጊያና ሁለት የሜሞሪ ቦታም አለው። 18-135ህንም በአዳፕተር ሙሉ ፒክስሉን ሳያጎድል ይቀበላል። አር6 ላይ ያንኑ ሌንስ ብትገጥም ካሜራው ራሱ ፍሬሙን ይቆርጠውና ከ8 ሜጋፒክስል በታች ይሰጥሃል። ሰዎች «ፉል ፍሬም ስገዛ ፎቶዬ ተቀየረ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የተቀየረላቸው ፎከሱ ነው።

ስለ ሜሞሪው አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ቦዲ ያስቀየረኝ እሱ ነው። ከሰርግ መልስ አንድ ሜሞሪ አልከፍትም ብሎኝ ያውቃል። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እንዴት እንዳለፈ አልነግርህም። ፎቶው በሶፍትዌር ከፊሉ ተመለሰ፤ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የነበረው ግን ጠፋ። 80ዲህ አንድ ሜሞሪ ብቻ ነው የሚይዘው። እስክትቀይረው ድረስ አንድ ትልቅ ሜሞሪ ላይ ቀኑን ሙሉ አትጫን። ትንንሽ ያዝ፤ ከቤት ሲወጡ አንድ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ፣ አዳራሽ አንድ። ሁለት ቦታ ሳትገለብጥም ፎርማት አታድርግ።

ስለ ገንዘቡ። «ቆይ» ስልህ ዋጋ ይወርዳል ብዬ እንዳይመስልህ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ለካሜራ ብር ሲያጠራቅሙ የነበሩ ልጆች ብሩ እጃቸው ላይ ግማሽ ሆነ። ስለዚህ ያጠራቀምከውን በብር ይዘህ አትቀመጥ፤ ሌንስ አድርገው። ቀሪውን ከሚቀጥሉት ሥራዎች ጨምረህ ወደ አር6 ትሄዳለህ። ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ተከራየው። ከጥምቀት በኋላ ባሉት የሰርግ ሳምንታት ኪራይ አይገኝም፣ ቢገኝም ይወደዳል፤ ስለዚህ ቀደም ብለህ ያዝ። የራስህን 35 ገጥመህበት ሥራ። ልዩነቱን ደንበኛው ሳይሆን አንተ ብቻ ካየኸው፣ ገና ነው ማለት ነው።

ያገለገለ ቦዲ የምታይ ከሆነ ደግሞ ቸኩለህ ሱቅ በር ላይ አትክፈል። አፐርቸሩን 16 ላይ ዝጋና ጥርት ያለ ሰማይ አንሳ፤ ነጠብጣብ ካየህ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ወይም ጭረት አለ። ሌንሱን ክደነውና በከፍተኛ አይኤስኦ አንሳ፤ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ የሚቀር ከሆነ ፒክስሉ ተበላሽቷል። ሁለቱንም የሜሞሪ ቦታ በየተራ ሞክር። 5ዲ ማርክ 3 ላይ በአካል ተለቅ የሚለው ሜሞሪ (ሲኤፍ) በሚገባበት ቦታ ያሉት ቀጫጭን ፒኖች ይታጠፋሉ፤ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እያቸው። ሌንሱን ገጥመህ ወዲያ ወዲህ አወዛውዘው፤ ከላላ ወድቆ ያውቃል።

ላይትሩም ውስጥ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጥህ። ካለፉት ሦስት ሰርጎች የጣልካቸውን ፎቶዎች ሰብስብ። ላይብረሪ ውስጥ ሜታዳታ የሚለውን ማጣሪያ ክፈትና በሌንስ፣ በአፐርቸር፣ በአይኤስኦ ደርድራቸው። እንደኔ ግምት አብዛኞቹ 18-135፣ 5.6 የሚል ላይ ይከመራሉ። ከዚህ ውጭ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ንገረኝ።

35ቱን ከገዛህ በኋላ አንድ ሰርግ ሥራና ሮው ፋይሎቹን ላክልኝ። ሌንሱን 2 ላይ ከፍተህ፣ ማካካሻውን ፕላስ ላይ አድርገህ፣ ላይትሩም ውስጥም ሳትጎትት አሁንም አሸዋው ካስቸገረህ፣ አር6ቱን ስትገዛ እኔም አብሬህ እመጣለሁ።